የወርቅ ናኖክላስተር መጠን ከነሽፋኑ ነው ወይስ ያለ ሽፋኑ?

በኦራሚን የተቀለመ የቲቢ ባሲል በጥቁር መደብ ላይ ሲያበራ ማየት አክታ ለሚመረምር የላቦራቶሪ ባለሙያ እንግዳ አይደለም። ባሲሉ በማይክሮሜትር ስለሚለካ ይታያል፤ ኧርነስት አቤ እ.ኤ.አ. በ1873 ባሰፈረው ወሰን መሠረት ግን በብርሃን ማይክሮስኮፕ ከ200 ናኖሜትር ገደማ በታች የተቀራረቡ ሁለት ነጥቦች እንደ አንድ ይታያሉ። ይህን ወሰን የተሻገሩት ዘዴዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ኤሪክ ቤትዚግን፣ ስቴፋን ሄልንና ዊልያም ሞርነርን ለኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት አብቅተዋል። ዘዴዎቹ ጥሩ አብሪ ምልክት ይሻሉ፤ ለዚህም ከጥቂት የወርቅ ወይም የብር አተሞች የሚሠራው ናኖክላስተር በብዙ ጽሑፎች ይሞገሳል።

ውዳሴው ያረፈው በትንሽነቱ ላይ ነው፤ የወርቁ እምብርት 2 ናኖሜትር እንኳ አይሞላም። ይሁን እንጂ ያለ ሽፋን ጸንቶ የሚቆይ ናኖክላስተር የለም። ጃኪ ዪንግና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 በሲንጋፖር ያወጡት ሥራ በዘርፉ እጅግ የታወቀ ነው። የወርቅ ጨውንና የከብት ሴረም አልቡሚንን በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አቆይተው 25 አተሞች ያሉት ቀይ አብሪ ናኖክላስተር አገኙ። ሌላ ቀናሽ ኬሚካል አለማስፈለጉ በእርግጥ የሚደነቅ ነው። ነገር ግን አልቡሚኑ ብቻውን 66 ኪሎዳልተን ይመዝናል፤ አረንጓዴ አብሪው ፕሮቲን ግን 27 ብቻ ነው። አንቲቦዲ ሲጨመርበት ደግሞ ብርሃኑ ከሚፈለገው ፕሮቲን ይበልጥ ይርቃል። ታዲያ ትንሽነቱ ምኑ ላይ ነው?

ድምቀቱም ቢሆን ልከኛ ነው። ይኸው ናኖክላስተር ከሚውጣቸው 100 ፎቶኖች መልሶ የሚያወጣው 6 ያህሉን ነው። የአንዲትን ሞለኪውል ቦታ በመለየት ረገድ ስሕተቱን በግማሽ ለመቀነስ አራት እጥፍ ፎቶን ስለሚያስፈልግ ጉድለቱ ቀላል አይደለም።

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን ሌላ ነው። ብርሃኑ በሜርኩሪ አየኖች እንደሚጠፋ ይኸው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2010 አሳይቷል። ለውኃ ምርመራ የሚበጀው ይህ ባሕርይ ለሴል ምስል ሥጋት ነው፤ መዳብም ብርሃኑን እንደሚያዳክም ተዘግቧል፣ መዳብ ደግሞ በሴል ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ የጨለመው ቦታ ፕሮቲኑ የሌለበት ይሁን ብርሃኑ የታፈነበት ከምስሉ ብቻ አይለይም። በሕይወት ያሉ ብዙ ሴሎች አልቡሚንን በራሳቸው ስለሚውጡ፣ የበራው ቦታም የተፈለገው ፕሮቲን ያለበት ነው ብሎ መደምደም አይቻልም።

ናኖክላስተሩን ያለ አንቲቦዲ የተቀበለ መቆጣጠሪያ ናሙናና ከነሽፋኑ የተለካ መጠን ያላቀረበ ጽሑፍ፣ ምስሉ የቱንም ያህል ቢያምር፣ የ20 ናኖሜትር ዝርዝር አሳይቷል ሊባል አይችልም።