የቅጠሉ ጀርባ

በጥርና በየካቲት የአዲስ አበባ የመንገድ ዳር ዛፎች ቀለማቸው ይጠፋል። የኮረኮንቹ አፈር፣ የግንባታው ሲሚንቶና የመኪናው ጭስ ተባብረው ቅጠሉን አመድ ያለብሱታል። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ዱብ ዱብ ይልና ሁሉም አረንጓዴነቱ ይመለሳል። በባንኩ ወይም በሆቴሉ መግቢያ ቆሞ ጣሪያ ሊነካ የደረሰው ፊከስ ግን ዓመቱን ሙሉ አንድ ጠብታ አይወርድበትም። ውጭ ዝናብ የሚሠራውን ሥራ፣ ውስጥ ሰው በእጁ ቅጠል በቅጠል ሊሠራው ግድ ነው።

በየአዳራሹ የሚታዩት ትልልቅ ዛፎች አብዛኞቹ የአንድ ወገን ልጆች ናቸው። የጎማ ዛፍ የሚባለው ፊከስ ኢላስቲካ ከሰሜን ምሥራቅ ሕንድ እስከ ኢንዶኔዥያ ድረስ በዱር ይበቅላል፤ በሕንዷ ሜጋላያ የአገሬው ሰዎች ሥሩን እየመሩ የወንዝ ድልድይ ያደርጉታል። ሰፊ ቅጠል ያለው ፊከስ ላይራታ ደግሞ የምዕራብ አፍሪካ ቆላማ ደኖች ተወላጅ ሲሆን አንዱ ቅጠል እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ሊረዝም ይችላል። ዋርካና ሾላ ዘመዶቻቸው ናቸው። ደን ውስጥ ሳሉ ዝናቡ ሳይለምኑት ያጥባቸው ነበር።

አቧራው በየቤቱ ይለያያል። በቢሮ ውስጥ የምንጣፍ ብናኝ፣ የልብስ ክርና በጫማ የገባ አፈር ነው፤ ደረቅ ስለሆነ ቶሎ ይለቃል። መኖሪያ ቤት ሲሆን ግን ቡናው ይቆላል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ የወጥ ቤቱ ዘይት ይተናል። ይህ ሁሉ ቅጠሉ ላይ ስስ፣ የሚያጣብቅ ሽፋን ይሠራል፤ አቧራው እዚያ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ደረቅ ጨርቅ ያዳርሰዋል እንጂ አያነሳውም። እንዲህ ላለው ለብ ያለ ውኃና ሁለት ሦስት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና፣ ቀጥሎም በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው አቧራው ቅጠሉን እንዳይተነፍስ ያፍነዋል ይላል። ለእነዚህ ዛፎች ነገሩ ግማሽ እውነት ነው። የፊከስ ቅጠል አየር የሚያስገባባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች የሚገኙት በጀርባው በኩል ነው፤ አቧራው የሚያርፈው ግን ፊቱ ላይ ነው። ፊቱ ላይ የሚሰረቀው ብርሃን ነው። በጠራ ቀን የቀትር ፀሐይ ወደ 100,000 ሉክስ ይደርሳል፤ የቢሮ ጠረጴዛ ላይ 500 ሉክስ ከተገኘ መልካም ነው፤ ከመስኮት የራቀ የእንግዳ መቀበያ ጥግማ ከዚያም ያንሳል። የሜዳ ዛፍ ከብርሃኑ ጥቂት ቢሸራረፍበት አያጎድለውም። የአዳራሹ ዛፍ ግን ድሮም ኑሮው ከእጅ ወደ አፍ ነው።

ሥራው የሚጀመረው ከመሰላሉ ጫፍ፣ ከላይኛው ቅጠል ነው። ከዚያ በፊት የመትከያው አፈር በላስቲክ ይሸፈናል፤ የሳሙና ውኃ ሥር ጋ መውረድ የለበትም። ጨርቁ ለስላሳ ጥጥ፣ ቢቻል ነጭ ይሁን፤ ምን እንደወጣ የሚናገረው ነጭ ጨርቅ ነው። ግራ እጅ መዳፉን ዘርግቶ ቅጠሉን ከታች ይደግፋል፤ ቀኝ እጅ ቅጠሉ ከዘንጉ ከሚነሳበት ወደ ጫፉ አንድ ጊዜ ይጠርጋል። የጀማሪ ሰው እጅ የሚታወቀው ግራው ሥራ ፈትቶ ሲንጠለጠል ነው። ድጋፍ ያጣ የላይራታ ቅጠል ቀጭ ብሎ ይሰበርና ነጭ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ያፈስሳል፤ ፈሳሹ ልብስና ወለል ያበላሻል፣ ቆዳ ያሳክካል፣ ዓይን ከገባም ያቃጥላል። ገና የተዘረጋ ለጋ ቅጠል ይታለፋል፤ በእሱ ላይ የተሠራ ጭረት ከቅጠሉ ጋር አብሮ ያድጋል። የጎማ ዛፍ አዲሱን ቅጠል የሚጠቀልልበት ቀይ ሽፋንም በራሱ ጊዜ ይወድቃል፤ ልርዳው ብሎ የሚልጠው ሰው ቅጠሉን ነው የሚቀድደው።

ይሄ ሁሉ የፊቱ ሥራ ነው፤ እንግዳ የሚያየውና አለቃ የሚያመሰግነው። ሙያው ግን ጀርባው ላይ ነው።

ደረቅና ሞቃት አየር ቀይ ሸረሪት ለሚባለው ተባይ ምቹ ነው። በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ሲሆን ከቅጠሉ ጀርባ ተቀምጦ ጭማቂውን ይመጥጣል፤ ፊቱ ላይ የሚታየው እንደ መርፌ ቀዳዳ የነጣ ነጠብጣብ ብቻ ነው። ያንን ብዙዎች አቧራ ነው ብለው ያልፉታል። ልምድ ያለው ሰው ቅጠሉን በነጭ ወረቀት ላይ መታ መታ ያደርገዋል፤ የወደቀው ነጥብ ከተንቀሳቀሰ ነገሩ አቧራ አይደለም። በመሐሉ ጅማት ግራና ቀኝ ደግሞ ቅርፊት የመሰሉ ቡናማ ተባዮች ይለጠፋሉ፤ ከእነሱ የሚወጣው ጣፋጭ ፈሳሽ ከታች ያሉትን ቅጠሎች ያጣብቃል፣ ጉንዳን ይጠራል፣ ኋላም ጥላሸት የመሰለ ሻጋታ ያበቅላል። ስለዚህ ከዕጣንም ከወጥ ቤትም ርቆ የቆመ ዛፍ ቅጠሉ ካጣበቀ፣ ከመጥረግ በፊት ቀና ብሎ የላይኛውን ቅጠል ጀርባ ማየት ነው። በኢትዮጵያ የአበባ እርሻዎች ቀይ ሸረሪትን የሚበላ ሌላ ጥቃቅን ፍጥረት ይለቀቅበታል። አዳራሽ ውስጥ ግን አዳኝም ዝናብም የለም፤ ያለው ጠላት እርጥብ ጨርቅ ብቻ ነው። ጨርቁም ተባይ ካለበት ዛፍ ወደ ጤነኛው ከዞረ ጠላትነቱ ይቀርና ማጓጓዣ ይሆናል።

የላባ መጥረጊያ የሚጠላው በዚሁ ምክንያት ነው። ሌላም ጣጣ አለው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የስዊድን ተመራማሪዎች በሙያቸው የቤት ውስጥ ዕፅዋት የሚንከባከቡ ሰዎችን መርምረው፣ አንዳንዶቹ ደቃቅ ቅጠል ላለው ለፊከስ ቤንጃሚና አለርጂ እንዳለባቸው አግኝተዋል፤ አለርጂውን የሚቀሰቅሰው ነገርም ቅጠሉ ላይ ካለው አቧራ ጋር አብሮ ይነሳል። እርጥብ ጨርቅ ይይዘዋል፤ ላባው ወደ አፍንጫ ይልከዋል።

ሻጮች ዛፉ የክፍሉን አየር ያጸዳል ማለት ይወዳሉ። አባባሉን ያስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የናሳ ጥናት ነው፤ ሙከራው ግን የተሠራው በተዘጋ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የቀደሙትን ጥናቶች ገምግመው፣ ተራው የሕንፃ አየር ዝውውር የሚሠራውን ለመሥራት በአንድ ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 1,000 ተክል እንደሚያስፈልግ አስልተዋል። እንደ እውነቱ ከሆነ ጽዳት የሚፈልገው ዛፉ ነው።

የማብረቅ ነገር ሌላው ጭቅጭቅ ነው። አንዱ ወተት፣ አንዱ የምግብ ዘይት፣ ሌላው ቫዝሊን ይቀባል። ቅጠሉ ሊስትሮ የወለወለው ጫማ ይመስላል፤ ለጥቂት ቀን። ዘይት አቧራን ይጠራል፤ ጀርባው ላይ ከተቀባ ደግሞ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ ወተትም ይሸታል፣ ይሻግታል። የፊከስ ቅጠል የራሱ ሰም አለው፤ አቧራው ሲነሳለት ያው ሰም ይበቃዋል። የጉድጓድ ውኃ በሚጠጣበት ሰፈር ቅጠሉ ሲደርቅ ነጭ ክብ ምልክት የሚቀረው ከውኃው ኖራ ነው፤ ጥቂት ሎሚ ጠብ በተደረገበት ውኃ ይለቃል፣ ከዚያ ይለቀለቃል፣ በደረቅ ጨርቅም ይነካካል።

በብዙ መሥሪያ ቤት ይህ ሥራ የሚጣለው በጽዳት ሠራተኛዋ ላይ ነው። መሰላል አይሰጣትም፣ ጊዜም አይሰጣትም፤ ወለሉን በወለወለችበት በረኪና ባለበት ባልዲ ዛፉንም እንድትጨርስ ይጠበቃል። የቅጠሉ ጠርዝ ሲቃጠል የምትጠየቀው እሷ ናት። ለብቻው የሚያዝ አንድ ባልዲና ጥቂት የጥጥ ጨርቅ ስንት ብር ያወጣል?

በሺህ የሚቆጠር ደቃቅ ቅጠል ያለው ፊከስ ቤንጃሚና በጨርቅ አይሞከርም። እሱ ጎማ ባለው ማስቀመጫ ተገፍቶ ወደ ግቢው ጥላ ይወጣል፤ አፈሩ በላስቲክ ታስሮ ውኃው በቀስታ፣ በተለይ ከታች ወደ ላይ ይረጭበታል፤ ሲያንጠባጥብ ቆይቶ ይገባል። በሳምንቱ ቅጠሉ መርገፍ ከጀመረ ጥፋቱ በእጥበቱ ላይ ይላከካል። ብዙ ጊዜ ግን ዛፉ የተመለሰው ወደ ሌላ ጥግ ነው፣ ወይም ለመስኮቱ ጀርባውን ሰጥቶ ነው፤ ቤንጃሚና ደግሞ ብርሃኑ ሲለወጥበት ቅጠሉን ያራግፋል። ለዚህ መድኃኒቱ ጠመኔ ነው፦ ዛፉ ከመነሳቱ በፊት በመትከያው ጠርዝ ላይ፣ በመስኮቱ በኩል፣ አንድ መስመር ይሰመርበታል።