የታሸገው ጥቅልና የተለወጠው ስም

በጃቫ የተሠራ የድር ፕሮግራም ወደ ሰርቨር የሚላከው ዋር በሚባል አንድ ፋይል ተጠቅልሎ ነው። ይህ አሠራር በሰርቭሌት 2.2 ደንብ በ1999 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ሲወጣ የተሰጠው ተስፋ ግልጽ ነበር፤ ይኸውም ደንቡን የሚያከብር ሰርቨር ሁሉ፣ ማንም ይሥራው ማን፣ ያንኑ ጥቅል ተቀብሎ ያሠራዋል የሚል ነው። እኛም ልንመረምር የፈለግነው ይህ ተስፋ ምን ያህል እንደ ተጠበቀ ነው።

አፓቼ ቶምካት የተባለውን ሰርቨር ለምሳሌ እንውሰድ። ለቶምካት 9 የተዘጋጀ የሰርቭሌት ፕሮግራም በቶምካት 10 ላይ እንዳለ ቢጫን አይሠራም። ምክንያቱም በአብዛኛው የስም ጉዳይ ነው። ኦራክል የጃቫ ኢኢን ሥራ በ2017 ለኢክሊፕስ ፋውንዴሽን ለማስረከብ ቢወስንም፣ «ጃቫክስ» በሚለው መጠሪያ አዲስ ሥራ ስለ መቀጠል የተደረገው ንግግር በ2019 ያለ ስምምነት ቀረ። ስለዚህ በ2020 በወጣው ጃካርታ ኢኢ 9 መጠሪያው «ጃካርታ» ተባለ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ይህን ስም ያወጣው ግን የንግድ ምልክት ክርክር ነው።

የቶምካት አዘጋጆች መፍትሔ አላቀረቡም አይባልም። አሮጌው ጥቅል ለዚሁ በተመደበው ማኅደር ውስጥ ቢቀመጥ፣ ቶምካት 10 ስሞቹን ራሱ ለውጦ ያሠራዋል። ይህ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን በጥቅሉ ውስጥ የተፈረሙ የጃር ፋይሎች ቢኖሩ ለዋጩ መሣሪያ ፊርማቸውን ያነሣል፤ ይዘቱ የተለወጠ ፋይል በቀድሞው ፊርማ ሊጸና አይችልምና። እንግዲህ ፕሮግራሙ ይነሣል፤ ፋይሎቹ ከሠሪው እጅ እንደ ወጡ መሆናቸውን የሚመሰክረው ፊርማ ግን ቀርቷል።

በእኛ አስተያየት የዚህ ለውጥ ሸክም ሊወድቅ የሚገባው ጥቅሉን ተቀብሎ በሚጭነው ሠራተኛ ላይ ሳይሆን በሠሪው ላይ ነው። ጫኚው የፕሮግራሙን ምንጭ አላየም፤ ቢበላሽም የት እንደ ተበላሸ ለማወቅ ይቸግረዋል። ሠሪው ግን ከአንድ ምንጭ ሁለት ጥቅል ለማውጣት ይችላል፤ አንዱን ለቶምካት 9፣ ሌላውን ለቶምካት 10። እያንዳንዱን በየሰርቨሩ ላይ ፈትኖ ይፈርምበት፤ የሚስማማበትንም የሰርቨር ቍጥር በፋይሉ ስም ላይ በግልጽ ይጻፍ። ሥራው ድካም እንዳለው አንክድም፤ ሆኖም አንድ ሰው አንድ ጊዜ የሚደክመው ድካም፣ አያሌ ሰዎች በየቦታው ሊደክሙት ከሚገደዱት ይቀልላል።