የደምቢ ዶሎው የግል ዕጩ

በግንቦት 1997 ዓ.ም. ምርጫ ደምቢ ዶሎ ላይ በግል የተወዳደሩት ሰው ከጥቂት ዓመታት በፊት የአገሪቱ ርዕሰ ብሔር ነበሩ። ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ቤተ መንግሥቱ ሳይሆን ይህ ነው። ከፕሬዚዳንትነት ወርደው፣ የፓርቲ ድጋፍ ሳይኖራቸው፣ ተወልደው ባደጉበት ቀዬ ድምፅ መጠየቅ ትልቅ ልብ ይፈልጋል። ሕዝቡም መርጦ ምክር ቤት አስገባቸው።

አካባቢውን የሚያውቁት በትውልድ ብቻ አልነበረም። ፍራንክፈርት የሠሩት የዶክትሬት ጥናት የዚያው ምድር ሕዝብ፣ የሰዮ ኦሮሞ ታሪክ ነበር። ወኪል የወከለውን ሕዝብ እንዲህ ጠልቆ ሲያውቅ ደስ ይላል።

የመወዳደራቸው ዋጋ ግን ከበዳቸው። የቀድሞ ፕሬዚዳንት ከወገንተኛ ፖለቲካ እንዲርቅ የሚያዝ ሕግ ወጥቶ ስለነበር፣ በምርጫው መሳተፋቸው እንደ ጥፋት ተቆጥሮ ለቀድሞ ፕሬዚዳንት የሚሰጠውን ጥቅማ ጥቅም አጡ። ልብ በሉ፤ በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱን ያጸደቀውን ጉባኤ የመሩት እሳቸው ናቸው። እዚያ የተጻፈውን የመምረጥና የመመረጥ መብት በገዛ ኑሯቸው ከፈሉበት። ከዚያ ወዲህ ከሰው ጋር ተጋፍተው በታክሲ ሲሄዱ አዲስ አበቤዎች ያዩአቸው ነበር።

በኋላ የአንድነት ፓርቲ ሊቀመንበር ሆኑ። በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ጀርመን ውስጥ አረፉ። ለእኔ ከያዙት ወንበር ሁሉ የሚበልጠው በግል ተወዳድረው ከደምቢ ዶሎ መራጮች የተቀበሉት ነው።