ኖራ፣ ጀሶ፣ ስሚንቶ

አዲስ የኖራ ልስን ላይ ውኃ ስረጭ የሚያዩ የቤት ባለቤቶች ይደነግጣሉ። «ይድረቅ እንጂ፣ መልሰህ ታርሰዋለህ እንዴ?» ይሉኛል። አዎ፣ አርሰዋለሁ።

የኖራ ድንጋይ ምድጃ ውስጥ 900 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፤ 100 ኪሎ ንጹሕ ድንጋይ ቢገባ ወደ 56 ኪሎ ያልጠፋ ኖራ ይወጣል። ይህ ኖራ ውኃ ሲነካው ይጤሳል፣ ይፈረካከሳል፣ በርሜሉ ውስጥ እንደ ሽሮ ይንተከተካል። ስለዚህ ኖራውን ወደ ውኃው ጥቂት በጥቂት እንጂ ውኃውን ኖራው ላይ አልደፋም። የአሉሚኒየም ዕቃም አላቀርብም፤ ኖራ ይበላዋል። ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውኃ ማጠብ፣ ከዚያ ሐኪም ቤት፤ ሎሚ ይጨመቅበት የሚል ሰው ቢመጣ አትስሙት።

ግድግዳ ላይ የተለሰነው ኖራ ያጣውን ጋዝ ከአየር እየሳበ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል፤ ወራትም ይወስድበታል። ጋዙ የሚይዘው ግን እርጥበት ሲያገኝ ነው። ፀሐይና ነፋስ ቀድመው ካደረቁት፣ በመዳፍ ሲነካ እንደ ዱቄት ይራገፋል።

ጀሶ ጠባዩ ሌላ ነው። ሲጠበስ ከያዘው ውኃ ሦስት አራተኛውን ያጣል፤ ባልዲ ውስጥ ውኃውን ሲያገኝ በደቂቃዎች ይጨብጣል። ባልዲው ዳር የትናንት ጀሶ ተጣብቆ ከቀረ ደግሞ አዲሱ ያንን ይዞ ቶሎ ይጠጥራል፤ ረዳቶቼን ባልዲ እጠቡ እያልኩ የምነዘንዛቸው ለዚህ ነው። የሚገርመው፣ ጥሬው የጀሶ ድንጋይ ፋብሪካ ውስጥ ስሚንቶ ላይ በጥቂቱ የሚፈጨው ስሚንቶው እንዳይቸኩል ነው።

ስሚንቶን አልጠላም። ለመሠረትና ለአርማታ አቻ የለውም፤ ከውኃ ጋር ራሱ ስለሚዋሃድ ውኃ ውስጥም ይጠነክራል። በኖራ የተገነባ የድሮ ግንብ ላይ ሲለጠፍ ነው ጣጣው። ግንቡ የሳበው እርጥበት በኖራው በኩል መውጣቱን ትቶ ስሚንቶው ጀርባ ይታቆራል፤ ጨው ይዞ በድንጋዩ በኩል ሲወጣም ድንጋዩን ይልጠዋል። የጎንደሩ ፋሲል ግቢ በጣሊያን ወረራ ዘመን ሲጠገን ስሚንቶና አርማታ ገብቶበት ነበር፤ ኋላ የመጡት ጠጋኞች ወደ ኖራ ተመለሱ። አሮጌ የድንጋይ ቤት ይዞ «በሁለት ቀን በስሚንቶ ጨርስልኝ» የሚለኝን ደንበኛ፣ ሌላ ለሳኝ እንዲፈልግ እነግረዋለሁ።