የነዳጅ ቦቴው ለምን ተንሳፈፈ?

አውሮፕላኑ ቆሟል፣ ሞተሩ ጠፍቷል። የነዳጅ ቦቴ ከጥግ ብቅ ብሎ ወደ ክንፉ ይመጣል፤ ጎማው ግን መሬት አይነካም። ከአስፋልቱ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል። በኮምፒውተር ላይ ፍላይት ሲሙሌተር የሚያዘወትር ሰው እንዲህ ያለውን ጉድ ሳያይ አይቀርም። አብዛኛው ስቆ ያልፈዋል፣ ጥቂቱ ይናደዳል። ወንበሩን ወደ ስክሪኑ አስጠግቶ ጎማና አስፋልቱን እያስተያየ የሚመረምርም አለ። እኔ የማደንቀው ይህን ሰው ነው።

የመጀመሪያ ጥያቄው “ይህ ቦቴ ብቻ ነው ወይስ ሌሎቹም?” የሚል ነው። አንዱ መኪና በየሄደበት የአውሮፕላን ማረፊያ ሁሉ ከተንሳፈፈ ጥፋቱ ያለው በራሱ በመኪናው ቅርጽ ላይ ነው፤ የቅርጹ ዜሮ ነጥብ ጎማው መሬት ከሚነካበት ቦታ ላይ አልተቀመጠም። በአንድ ማረፊያ ላይ ሁሉም ከተንሳፈፉ ግን መኪኖቹ ንጹሕ ናቸው፤ ተጠያቂው የመሬቱ ከፍታ ነው። አንዳንድ አድ-ኦን (በሲሙሌተሩ ላይ ተጨምሮ የሚጫን ሥራ) መኪናው ሲነሣ አንዴ ከፍታውን ይጠይቅና ከዚያ በኋላ በዚያው ልክ ቀጥ ብሎ ይነዳዋል። ሜዳው ለጥ ያለ ከሆነ ማንም አይነቃበትም። ፈረንሳይ ተራራ ላይ ያለውን፣ ርዝመቱ 537 ሜትር ብቻ፣ ተዳፋቱ ከ18 በመቶ በላይ የሆነውን የኩርሽቬል ማኮብኮቢያ አስቡት፤ እንዲህ የሚነዳ መኪና ወደ ታች 10 ሜትር ሲሄድ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ አየር ላይ ይቀራል። የተጣራ ሥራ የሠራ ባለሙያ ከፍታውን የሚጠይቀው በየቅጽበቱ ነው፤ ያውም ከፊትና ከኋላ ጎማዎች ሥር ለየብቻ፣ መኪናው ከተዳፋቱ ጋር እንዲያዘነብል።

ቆሞ የሚንቀጠቀጥ መኪና ደግሞ ሌላ በሽታ አለው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚያስደንቀው የዚህ ምክንያት ነው። ግራፊክሱ የዕቃዎችን ቦታ የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ በ32 ቢት ቁጥር ነው፤ ይህ ቁጥር በትክክል የሚይዘው ሰባት አኃዝ ያህል ብቻ ነው። ርቀቱ ከምድር እምብርት ቢለካ 6,371 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በዚያ ርቀት ቁጥሩ ለይቶ የሚያውቃቸው ሁለት ጎረቤት ነጥቦች በግማሽ ሜትር ይራራቃሉ። ቦቴው በግማሽ ሜትር እየዘለለ ነዳጅ ሊቀዳ ነው ማለት ነው። 100 ኪሎ ሜትር ከሚርቅ መነሻ ሲለካ ግን እርምጃው ወደ 8 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ለዚህ ነው ኤክስ-ፕሌን የተባለው ሲሙሌተር የመለኪያ መነሻውን በአውሮፕላኑ አካባቢ የሚተክለውና አውሮፕላኑ ሲርቅ መነሻውን ነቅሎ የሚያዛውረው። መነሻው ሲዛወር የአድ-ኦኑ ሠሪ የመኪኖቹን ቦታ እንደገና ካላሰላ፣ የሻንጣ ጎታቹ የድሮ ቁጥሩን ይዞ ይቀራል። ሰው “መኪናው ጠፋ” ይላል። አልጠፋም፤ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ማንም በማያየው ሜዳ ላይ ቆሟል። ጠንቃቃው ሠሪ ቦታውን በኬክሮስና በኬንትሮስ፣ በ64 ቢት ቁጥር ያስቀምጠዋል፤ ወደ አጭሩ ቁጥር የሚመነዝረው ለመሳል ሲል በመጨረሻ ሰዓት ነው።

ከሩቅ ሲታይ በቦቴው ጎን ያለው አርማ ብልጭ ድርግም የሚልበትም ጊዜ አለ። የግራፊክስ ካርዱ ከሁለት ገጾች የቱ ከፊት እንዳለ የሚያውቀው በጥልቀት መዝገቡ ነው። የተለመደው ዓይነት 24 ቢት መዝገብ የቅርብ ወሰኑ (ከዚያ የቀረበ ነገር የማይሳልበት ርቀት) 1 ሜትር ከሆነ፣ 1,000 ሜትር ርቀት ላይ ከ6 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ልዩነት ያምታታዋል። አርማውን ከቆርቆሮው አንድ ሴንቲ ሜትር አርቆ የለጠፈ ሰው፣ ካርዱን በየፍሬሙ አንዴ አርማውን፣ አንዴ ቆርቆሮውን ያስመርጠዋል። ብልኅ ሠሪ አርማውን ለብቻው አይለጥፍም፤ ከቆርቆሮው ሥዕል ጋር አንድ ላይ ይስለዋል። ሾፌሩ በመስታወቱ በኩል ካልታየ ደግሞ መስታወቱ ከእሱ በፊት ተስሏል ማለት ነው፤ መፍትሔው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ኤክስ-ፕሌን 11 የምድር አገልግሎት መኪኖችን ከራሱ ጋር ይዞ ሲመጣ፣ ለጠጋኙ ትልቅ ውለታ የዋለለት ፋይሎቹ ተራ ጽሑፍ መሆናቸው ነው። የመኪናው ቅርጽ በማንኛውም የጽሑፍ ፕሮግራም ይከፈታል፤ ነጥቡም፣ ሦስት ማዕዘኑም፣ የሚዞረው ጎማም በየመስመሩ ተጽፎ ይነበባል። በማረፊያው ፋይል ውስጥ በ1400 የሚጀምር መስመር የመኪና ማቆሚያ ነው፤ 1206 መኪኖቹ የሚሄዱበት መንገድ ነው። የመኪኖቹ ዝርዝር ቦቴ፣ የምግብ መኪና፣ የኤሌክትሪክ ጄኔሬተር፣ ገፊ ትራክተር እያለ ይወርድና ለበረራ ሠራተኞች ማመላለሻ ፌራሪ ያቀርባል። አብራሪውን በፌራሪ የሚሸኝ አየር መንገድ የቱ እንደሆነ ሠሪዎቹ ይጠየቁ።

እጅ የሚለየው ግን በሻንጣ ተሳቢዎቹ ላይ ነው። ዝርክርክ ሥራ ውስጥ ጋሪዎቹ ባቡር ይመስል ሁሉም የትራክተሩን መስመር ይረግጣሉ፣ ወይም እያንዳንዱ በወገቡ ላይ ስለሚዞር መጎተቻ ዘንጉ ከፊተኛው ጋሪ ተላቅቆ አየር ላይ ይቀራል። ጥሩው ሠሪ የሚያሰላው ከመንጠቆው ነው፦ መንጠቆው የት ደረሰ? የኋላ ጎማው ወደዚያ ሲሳብ የት ያርፋል? በዚህ ስሌት ኩርባ ላይ እያንዳንዱ ጋሪ ከፊተኛው ትንሽ ወደ ውስጥ ይገባል፤ በእውነተኛ ማረፊያም የሚሆነው ይኸው ነው። የጎማውም መዞር ተለክቷል። ራዲየሱ 45 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጎማ 10 ሜትር ሲሄድ ሦስት ጊዜ ተኩል ያህል መዞር አለበት፤ ከዚያ ካነሰ ዓይን ምክንያቱን ሳያውቅ “ይንሸራተታል” ይላል። ትራክተሩ ሲታጠፍ በውስጥ በኩል ያለው የፊት ጎማ ከውጭኛው ይበልጥ እንዲታጠፍ ያደረገ ሠሪም አይቻለሁ። ማን ያየዋል ብሎ ቢተወው ኖሮ ማንም አይጠይቀውም ነበር።

ከጠጋኝ አፍ መስማት የማልወደው ምክር “ሁሉንም አጥፍተህ እንደገና ጫነው” የሚለው ነው። ቦቴው ወደ መሬት ይወርድ ይሆናል፤ ለምን ተንሳፍፎ እንደነበረ ግን አይታወቅም፣ ነገም ይመለሳል። የሞተር ድምፅ ሰምቶ ኮፈን ከመክፈቱ በፊት ጥፋቱን እንደሚገምት መካኒክ፣ ጥሩ ጠጋኝ መጀመሪያ ሎጉን፣ ማለትም ሲሙሌተሩ ሲሠራ የሚጽፈውን መዝገብ፣ ያነብባል፤ ሲሙሌተሩ ያጣው ፋይል ስም ብዙ ጊዜ እዚያ ተጽፎ ይገኛል። ሎጉ ዝም ካለው ከአድ-ኦኖቹ ግማሹን ያሰናክልና ያያል፣ ከቀሪው ደግሞ ግማሹን። አጥፊው አንድ ብቻ ከሆነ፣ 64 ቢሆኑም እንኳ በስድስት ዙር ይገኛል። አንዳንዴ የሚገኘው ብልሽት ሳይሆን ግጭት ነው፦ አንድን ማረፊያ ሁለት አድ-ኦኖች ሠርተውት የአንዱ መኪና በሌላው ሕንጻ ግድግዳ ውስጥ ያልፋል።

ካስተካከለው በኋላም ወዲያው አይነሣም። መኪናውን ተዳፋት ላይ ይነዳዋል፤ ሰዓቱን ወደ ሌሊት ገፍቶ መብራቱን ያያል፤ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በርሮ ይመለስና መኪናው ቦታው ላይ መኖሩን ያረጋግጣል። ብዙ ጊዜ በመጨረሻ የተለወጠው አንዲት መስመር ብቻ ናት። ከጎኗ ምን እንደነበረችና ለምን እንደተለወጠች ማስታወሻ ይጽፍባታል፤ ፋይሉን ነገ የሚከፍተው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።