ውጅግራ በመድረካችን

በገላን፣ በሰበታ፣ በቡራዩም ሆነ በሱሉልታ የባህል ትርዒት ሲቀርብ፣ ጠመንጃ ያነገተ ፎካሪ ወይም ጌረርሳ አውራጅ መድረኩን ሲያናውጥ ማየት የተለመደ ነው። ጠመንጃው ግን ብዙውን ጊዜ ጌጥ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሂሳችን የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው።

ውጅግራ የሚለው ስም በ1874 እ.ኤ.አ. ከተሠራው የፈረንሳይ ጠመንጃ፣ ከ«ፊዚል ግራ»፣ በሕዝብ አንደበት ተለውጦ የመጣ ነው። አፈሙዙ 11 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ መጋዘን ስለሌለው በአንድ ጊዜ የሚጎርሰው አንድ ጥይት ብቻ ነው። ተኳሹ መቀርቀሪያውን ስቦ ቀለሁን ያወጣል፤ ከዝናሩ ጥይት መዝዞ ያጎርሳል፤ ዘግቶ ያነጣጥራል። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ብዙዎቹ የጣሊያን ወታደሮች የያዙት ቬተርሊ ግን በመጋዘኑ 4 ጥይት ይይዝ ነበር።

ማጋነን የፉከራ መብት ነው፤ በቃል አንበሳን በጥፊ መጣል ይቻላል። ተውኔት ግን በድርጊት ይናገራል። ተዋናዩ ሳያጎርስ አምስት ስድስት ጊዜ ሲተኩስ የሚጠፋው የመሣሪያው እውነት ብቻ ሳይሆን የሰውየው ጀግንነት ጭምር ነው። የቆሰለ ጎሽ ወደ አዳኙ ሲዞር፣ እጁ ወደ ዝናሩ በምትሄድባት ቅጽበት ድፍረቱ ይለካል። ያችን ቅጽበት የዘለለ ተዋናይ ታሪኩን ዘሏል።

ሁለተኛው ጉድለት የጥይቱን ዋጋ መርሳት ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያና በ20ኛው መግቢያ በአንዳንድ የሀገራችን ገበያዎች ጥይት እንደ ገንዘብ ይዘዋወር ነበር። እያንዳንዱ ተኩስ ሀብት ነበረ፤ ባለ ነፍጡንም በላቡ የሚቀልበው ገባር ነበረ። ዓድዋ ላይ ነፃነትን ያስከበረው ጠመንጃ፣ በገባሩ ደጃፍ ሲቆም ሌላ ፊት ነበረው። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሲሽር ያ ፊት ወደ ታሪክ አለፈ፤ ከኪነ ጥበብ ትዝታ ግን ሊያልፍ አይገባውም። ከሁለቱ ፊቶች አንዱን ብቻ የሚያሳይ መድረክ ተመልካቹን ያስጨበጭበዋል እንጂ አያስተምረውም።

ስለዚህ ለከያኒዎቻችንና ለትምህርት ቤት የቴአትር ክበባት መምህራን የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው፦ ፎካሪው አንድ ጊዜ ብቻ ይተኩስ። ከዚያም ሁለተኛውን ጥይት ሲያጎርስ፣ በጸጥታ፣ እንየው።