ሳይመታ የማይወጣ አቧራ

ባለፈው ሳምንት ከእነዋሪ አንድ ልጅ ደወለልኝ። ደብረ ብርሃን ላይ የምንጣፍ ጽዳት ሊጀምር ነው፤ ገንዘቡን ቋጥሯል፣ የቀረው አቧራ መሳቢያ ማሽኑ ብቻ ነው። «ጋሼ፣ ሻጩ ባለ በርሜሉን ውሰድ ይለኛል። ውሃም አቧራም ይስባል፣ ዋቱም ትልቅ ነው፣ ቋሚው ምን ያደርግልሃል አለኝ» አለ። ሃያ ደቂቃ አወራሁት። ስልኩን ስዘጋ ግን ዋናውን ነገር ግማሹን እንኳ እንዳልነገርኩት ገባኝ።

ዋት ማሽኑ ከቆጣሪ የሚበላው ነው እንጂ ከምንጣፍ የሚያወጣው አይደለም። መሳብ የአየር ሥራ ነው፤ አየሩ ደግሞ እንደ አገሩ ይለያያል። እነዋሪ 2,600 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። እዚያ ያለው አየር በባሕር ጠለል ካለው ሩብ ያህል ይሳሳል። ማራገቢያው የሚያንቀሳቅሰው አየር ሲሳሳ የመሳብ ጉልበቱ አብሮ ይወርዳል፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውም ያው ስስ አየር ስለሆነ ቶሎ ይግላል። ደብረ ብርሃን ከዚያም ከፍ ትላለች፣ አዲስ አበባም ብዙ አትሻልም። በመሳብ ብቻ የሚተማመን ማሽን እኛ ደጋ ላይ ገና ሲነሳ ጉልበቱን ጥሎ ነው የሚነሳው። ቋሚው ማሽን ግን ከሥሩ ብሩሽ አለው፤ ብሩሹ ምንጣፉን የሚመታው በቺንጋ እየተሽከረከረ ነው፤ ቺንጋ ደጋና ቆላ አያውቅም። ይህንን ለሃያ ዓመት ስናገር ኖሬያለሁ፤ እስካሁን የሰማኝ ጥቂት ሰው ነው።

የአገራችንን አፈር ልጁ ከእኔ እኩል ያውቀዋል። እነዋሪ ያለችበት የሞረትና ጅሩ መሬት መረሬ ነው፤ የአፈር አጥኚዎች ቨርቲሶል የሚሉት። በበጋ እግር የሚውጥ ስንጥቅ ይከፍታል፣ ላዩ እንደ ዱቄት ይልማል። ክረምት ሲገባ ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ጫማ ነጥቆ ያስቀራል። ይህ ዱቄት በሰው እግር ገብቶ ከምንጣፍ ፀጉር ሥር ሲቀመጥ ምርጫህ ሁለት ነው። ደረቅ ሳለ ታወጣዋለህ፣ አለዚያ ውሃ ታጠጣውና ጭቃ ታደርገዋለህ።

ልጅ ሆኜ ክረምት ላይ ከእናቴና ከእህቶቼ ጋር ማሳ ውስጥ አጎንብሰን መደብና ቦይ በእጃችን እንሠራ ነበር። በሬ ካረሰ በኋላ አፈሩን በሁለት እጅ እያፈስን ወደ መደቡ እንከምራለን፤ ውሃው በቦዩ ይወርዳል፣ ስንዴው መደቡ ላይ ይተርፋል። ጥፍር ውስጥ የገባው ጥቁር እስከ መስቀል አይለቅም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል ተመራማሪዎች ይህንኑ የእነዋሪን የእጅ ሥራ አይተው፣ በበሬ የሚጎተት ከሁለት ማረሻ የተገጠመ መሣሪያ ሠሩ። በእጅም ይሁን በበሬ የጅሩ ሰው የሚያውቀው ያው ነው፤ መረሬንና ውሃን አንድ ላይ አታሳድርም።

እኔ ግን አዲስ አበባ ገብቼ ረሳሁት። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ሆቴል የሰርግ አዳራሹን ሰጠኝ። ቄጠማው፣ ፈንድሻው፣ የሰው ጫማ ያስገባው አቧራ ሁሉ ምንጣፉ ላይ ነበር። በባለ በርሜሉ አንድ ጊዜ ሳብ ሳብ አደረግሁና ሻምፑዬን አፈሰስኩ። ማታ ሲያዩት አበባ መስሏል፤ ተመሰገንኩ፣ ተከፈለኝ። በሦስተኛው ቀን ተጠራሁ። መተላለፊያው በሙሉ ጠቁሯል። ውሃው ሲተን ከሥር የቀረውን ጭቃ በፀጉሩ በኩል ወደ ላይ ስቦ ጫፉ ላይ ትቶታል። ገንዘቡን መለስኩ። ምንጣፉ እስኪደርቅ ጠብቄ ቋሚ ማሽን ተውሼ ሄድኩ፤ በአንድ በኩል ሁለት ጊዜ፣ አቋርጬ ደግሞ ሁለት ጊዜ፣ ወደ ኋላ ስጎትት በጣም በዝግታ። ከረጢቱን ስገለብጠው የወጣው ዱቄት ከልጅነቴ የማውቀው ዓይነት ጥቁር ነበር። አዳራሹ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ ለረጅም ጊዜ አየሁት።

ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው ከእኔ ጋር ሲሠራ፣ ብሩሽ ሳያልፍበት ምንጣፍ ላይ ውሃ እንዲያሳርፍ አልፈቅድም። አንድ የሙያ ወንድሜ እስከ ዛሬ ይከራከረኛል፤ «ብሩሽ ምንጣፍ ይበላል» ይላል። ምንጣፍ የሚበላው ሥሩ የተቀመጠው አሸዋ ነው። እያንዳንዱ ቅንጣት ስለት አለው፤ ሰው በረገጠ ቁጥር ፀጉሩን ከግርጌው ይቆርጠዋል። ብሩሹን ከፍታውን አስተካክለህ ጫፉ ብቻ እንዲነካ ካደረግህ የሚጎዳው ነገር የለም። ዝቅ አድርጎ ተጭኖ እየገፋ «በላው» የሚል ሰው ማሽኑን ሳይሆን እጁን ይጠይቅ። በአንድ ነገር ግን ልክ ነው። የደብረ ብርሃንና የመንዝ የእጅ ሥራ፣ በበግ ፀጉር የተሠራው፣ ጫፉ ላይ ዘርፍ ያለው ምንጣፍ በሚሽከረከር ብሩሽ አይነካም። እሱን በመሳቢያው ብቻ፣ ወይም ገልብጠህ ከጀርባው ነው።

ይህ የእኔና የወንድሜ ክርክር ከማሽኑ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 እንግሊዛዊው ሁበርት ሴሲል ቡዝ የሠራው መሳቢያ በፈረስ ጋሪ የሚጎተት ነበር። ጋሪው ደጅ ይቆምና ረጅም ቱቦ በመስኮት ይገባል። በ1902 ለንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ዘውድ መጫኛ የዌስትሚኒስተር አቤይን ምንጣፍ ያጸዳው እሱ ነው። የቡዝ ማሽን ሥራው መሳብ ነበር፤ ባለ በርሜሉ የእሱ ልጅ ነው። በ1907 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ፣ ኦሃዮ፣ ካንተን ከተማ፣ ጄምስ መሪ ስፓንግለር የሚባል ሰው የማራገቢያ ሞተር፣ የመጥረጊያ እንጨትና የትራስ ልብስ ገጣጥሞ ፊቱ ላይ የሚሽከረከር ብሩሽ ያለበት ቋሚ ማሽን ሠራ። በዓመቱ የፈጠራ መብቱን አገኘ፤ በኋላ ለቆዳ ዕቃ ነጋዴው ለሁቨር ሸጠው። የሁቨር ኩባንያ በ1926 ከብሩሹ ጋር የሚመታ ዘንግ ጨመረበት።

ስፓንግለር የአንድ መደብር ጽዳት ሠራተኛ ነበር። አስም ነበረበት፤ መጥረጊያው የሚያነሳው አቧራ እያፈነው ነው ያንን ማሽን የፈለሰፈው። ይህንን ባወቅሁ ጊዜ ሥራዬን የማይበት ዓይን ተለወጠ። በወጣትነቴ አገር ቤት ስሄድ ምን ትሠራለህ ሲሉኝ «ሆቴል ነው የምሠራ» ብቻ ብዬ አልፍ ነበር። የምገፋውን ማሽን ያሰበው እንደ እኔ መጥረጊያ ይዞ ሲያስል ያደረ ሰው መሆኑን ካወቅሁ ወዲህ «ምንጣፍ አጸዳለሁ» እላለሁ፤ ለአማቾቼም እንዲሁ ብያለሁ።

ወደ ልጁ ልመለስ። ቋሚ ሲገዛ አንድ ሞተር ያለውንና ሁለት ሞተር ያለውን ይለይ። በብዙዎቹ ባለ አንድ ሞተሮች ቆሻሻው በማራገቢያው በኩል አልፎ ነው ከረጢት የሚገባው፤ ጠጠር ወይም ሳንቲም ከገባ ማራገቢያውን ይሰብረዋል። ነገር ግን ሳኒቴር እንደሚባሉት የድሮ ማሽኖች ዓይነቱ ቀላልና ጠንካራ ነው፤ ካቻቢቴ ያለው ሰው ሁሉ ይፈታዋል። ባለ ሁለት ሞተሩ አንዱ ይስባል፣ አንዱ ብሩሹን ያዞራል፤ አየሩ መጀመሪያ ከረጢቱ ውስጥ ስለሚጣራ ማራገቢያው ዕድሜ ያገኛል። ለአዳራሽ እሱን እመርጣለሁ። ዘመድ ከአሜሪካ ላከልኝ ብሎ የ120 ቮልቱን በቀጥታ የእኛ 220 ላይ የሰካ ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጢስ ያያል።

ከረጢቱ ላይ አይሰስት። የመረሬ ሸክላ ቅንጣት ከሁለት ማይክሮን ያነሰ ነው፤ በአቡጄዲ ከረጢት አልፎ መልሶ ክፍሉ ውስጥ ይበተናል፣ ሳንባ ውስጥም ይገባል። ብሩሹን ደግሞ በየሥራው መጨረሻ ገልብጦ ይየው። የቤተ ክርስቲያን ምንጣፍ ስሠራ የሚጠቀለልብኝ የነጠላ ዘርፍና የሴቶች ፀጉር ነው፤ ሁለቱ ተጋምደው ኩሽኔታው ድረስ ይገባሉ። የጧፍ ሰም ካለ አስቀድሞ ወረቀት አንጥፎ በሞቀ ካውያ ያንሳው፤ ሰም የነካው ብሩሽ ሌላውን ምንጣፍ ሁሉ ይቀባል። ቺንጋውን እስኪበጠስ አይጠብቅ። የላላ ቺንጋ ድምፁ ያው ነው፣ ብሩሹ ግን ምንጣፉን ሲነካ ይቆማል፤ ሠራተኛው ቀኑን ሙሉ ገፍቶ ምንም ሳያወጣ ይገባል።

መምታትን ያየሁት ከማንም በፊት እናቴ ጋ ነው። ከጥምቀት በፊት ፀሐዩ ሲጠነክር ከመንዝ የመጣውን የበግ ፀጉር ዝተት አጥር ላይ ትሰቅለዋለች። እኛን ከነፋሱ በላይ ታቆመንና በወይራ ዱላ ከጀርባው ትመታዋለች። ቶሎ ቶሎ አትመታም፤ አንዴ መትታ አቧራው በነፋስ እስኪሄድ ትጠብቃለች፣ ከዚያ እንደገና። ውሃ ሲነካው አይቼ አላውቅም። ያ ዝተት እኔን ሸፍኖ አሳድጎ ታናናሾቼንም ሸፍኗል።

ለገና በደነባ በኩል እነዋሪ ስገባ ማሽኔ መኪናው ላይ ነበር፤ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ምንጣፍ ልሠራ ነው የሄድኩት። እናቴ አሁን ክንዷ አይነሳም። ዱላው ከጓሮ በር ጀርባ እንደቆመ ነው። ዝተቱን አወጣሁ፣ አጥር ላይ ሰቀልኩት፣ ጀርባውን ወደ እኔ አዞርኩ። እሷ በረንዳው ላይ ተቀምጣ «ቆይ፣ አቧራው ይሂድ» ትለኛለች፤ እኔም ቆይቼ እንደገና እመታለሁ።